ኑዛዜ፥ ተዝካርና ውርስ ማጣራት

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር በሀገራችን አንድ ሰው ካረፈ በኋላ የተወው ሀብት ከሟች እጅ ወደ ሕያዋን እጅ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ነገሩን የሕግ ሊቃውንት በየአንቀጹ አብራርተውታል፤ የባህል ተመራማሪዎችም ስለ ለቅሶና ስለ ተዝካር ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች እምብዛም አይነጋገሩም። የሕጉ ሰው በለቅሶ ቤት የሚደረገውን እንደ ጓዳ ጉዳይ ይቈጥረዋል፤ የባህሉ ተመራማሪም ፍርድ ቤት የሚሆነውን ከጥናቱ ውጭ ይተወዋል። ኀዘን የደረሰበት ቤተ ሰብ ግን በአንድ ጊዜ በሁለቱም ስፍራ ይገኛል፤ ለአርባው ቀን እህል ያስፈጫል፥ በዚያው ሳምንት ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ አምጣ ይባላል። ስለዚህ እኛ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን ለመመልከት እንሞክራለን። የምናገረው በይበልጥ ስለ ደገኛው ክርስቲያን ኅብረተ ሰብ ነው፤ ስለ እስልምና ተከታዮች ሥርዓት ወደ ኋላ ባጭሩ እናነሣለን፤ የሌሎቹ ሕዝቦች ልማድ ግን ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው በመሆኑ እዚህ አልገባንበትም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ኑዛዜ በግዕዝ ናዘዘ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ትርጕሙም አጽናና፥ አረጋጋ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ተናዘዘ ስንል ሁለት ነገር መናገራችን ነው፤ አንደኛው ኀጢአቱን ለነፍስ አባቱ ገለጸ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ስለ ሀብቱ የመጨረሻ ቃሉን ሰጠ ማለት ነው። የቃሉ ሁለትነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሁለቱም ሥራዎች በአንድ ሰዓት፥ በአንድ አልጋ አጠገብ፥ በአንድ ካህን ፊት የሚፈጸሙ ነበሩና ነው። በሞት አፋፍ ያለው ሰው ኀጢአቱን ከተናገረ በኋላ ዕዳውን ይናገራል፤ ለእገሌ ይህን ያህል አለብኝ፥ ከእገሌ ዘንድ ይህን ያህል አለኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ለማን ምን እንዲሰጥ የሚናገረው። ዕዳን ሳይናገሩ መሞት እንደ ኀጢአት የሚቈጠር ስለ ነበረ ኑዛዜው ለነፍስ የሚደረግ መጽናኛ ብቻ ሳይሆን ለገንዘብ ጠያቂዎችም የሒሳብ መዝገብ ነበረ ማለት ይቻላል። ውርስ የሚለውም ቃል እንዲሁ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ርስትና ውርስ ሁለቱም ከወረሰ የወጡ ናቸው።

ርስት የሚባለው ነገር ግን በኑዛዜ የሚሰጥ ዕቃ አልነበረም። አሜሪካዊው የማኅበረ ሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን ስለ ጎጃም ዳሞት በጻፈውና በ1973 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በታተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፥ ርስት የአንድ የተወሰነ ማሳ ባለቤትነት ሳይሆን ከአንድ አቅኚ አባት ወይም እናት በመወለድ ብቻ የሚገኝ የመጠየቅ መብት ነበረ። መብቱ በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠራል፤ ወንድም ሴትም ልጅ ይካፈላል። ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ ርስት ሊጠይቅበት የሚችል ብዙ አያት አለው፤ የሚያገኘው ግን በጕልበቱ፥ በነገር አዋቂነቱና በወገኑ ብዛት መጠን ነው። እንዲህ ባለ ሥርዓት የሟች ቃል ርስቱን ሊያጠፋው አይችልም፤ ልጅ የሆነ ሁሉ ከአባቱ ፈቃድ አስቀድሞ በደሙ ወራሽ ነውና። ኑዛዜ ይሠራ የነበረው በከብቱ፥ በእህሉ፥ በመሣሪያውና በቤት ዕቃው ላይ ነው፤ ደግሞም ሟችን በእርጅናው የጦረውንና የሚቀብረውን ልጅ ከሌሎቹ አብልጦ ለመካስ ነው። ጧሪ ቀባሪ የሚለው አነጋገር ከፍቅር ይልቅ የመብት ቃል ነበረ ብንል የምንሳሳት አይመስለኝም።

ይህ ሲባል በጽሑፍ የሆነ ኑዛዜ አልነበረም ማለት አይደለም። በጎንደር ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የስጦታ፥ የሽያጭና የኑዛዜ ቃሎች ከነምስክሮቻቸው ስም ተጽፈው ይገኛሉ። ዶናልድ ክረሚ በ2000 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው ታላቅ ሥራ እነዚህን ጽሑፎች እንደ ዋና ምንጭ ተጠቅሞባቸዋል። መጽሐፉ ቅዱስ ስለ ሆነ ጽሑፉን የሚፍቅ አይገኝም የሚል እምነት ነበረ፤ በዛሬ ቋንቋ ቤተ ክርስቲያኑ የሰነድ ማረጋገጫ ክፍል ሆኖ ያገለግል ነበረ ማለት ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜ በአርባ አንደኛው አንቀጽ፥ ስለ ውርስ በአርባ ሁለተኛው አንቀጽ ይናገራል። ይሁን እንጂ ይህ በ13ኛው ምዕት ዓመት በግብጽ በዓረብኛ የተሰናዳ መጽሐፍ ርስት የሚባለውን ነገር ስለማያውቅ፥ ከሊቃውንት ክርክር አልፎ በየባላገሩ የክፍያ ሥርዓት ውስጥ የገባው በጥቂቱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሕጉም ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ስለ ውርስ የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 826 እስከ ቁጥር 1125 ድረስ ይሄዳል። በመጨረሻው አካባቢ ያለው ቁጥር 3347 ደግሞ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ሁሉ ቀድሞ የነበረውን የተጻፈም ሆነ የልማድ ደንብ፥ በግልጽ ካልተጠበቀ በቀር፥ ሽሮታል። በአንድ ቀን ስንት መቶ ዓመት የኖረ ልማድ ተሻረ፤ ልማዱ ግን መሻሩን የሰማ አይመስልም።

ሕጉ በአንዳንድ ነገር ከልማዱ ጋር ተስማምቶ ሄዷል። ልጆች ሁሉ፥ ወንድም ሴትም፥ በጋብቻ የተወለደም ከጋብቻ ውጭ የተወለደም፥ እኩል ይወርሳሉ፤ አስቀድሞ የሞተ ልጅ ቢኖር ልጆቹ በእርሱ ስፍራ ይገባሉ። ልጅ ከሌለ አባትና እናት፥ ቀጥሎም ወንድሞችና እኅቶች፥ ከዚያም አያቶችና የእነርሱ ተወላጆች ይመጣሉ። ከዚህም በላይ ተወላጅ ሳይተው የሞተ ሰው ከአባቱ ወገን በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው የማይንቀሳቀስ ሀብት፥ የአባት ወገን ወራሽ እስካለ ድረስ፥ ባለቤትነቱ ወደ እናት ወገን እንዳይሄድ፥ የእናቱም ወደ አባት ወገን እንዳይሄድ ሕጉ ይከለክላል። ይህ ደንብ በአውሮፓም የቆየ መነሻ ያለው ቢሆን፥ የኛ ባላገር ሲሰማው የአባት ርስት ለአባት ወገን፥ የእናትም ለእናት ወገን ከሚለው የራሱ ሥርዓት የተቀዳ ይመስለዋል።

የማይስማሙበት ዋናው ስፍራ የኑዛዜው አደራረግ ነው። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ይህም ተናዛዡ ራሱ ወይም ሌላ ሰው በእርሱ ቃል ጽፎት፥ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፥ ይኸው ሥርዓት መፈጸሙ በጽሑፉ ላይ ተገልጾ፥ ወዲያው የሚፈረም ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ እንዲያረጋግጥ ሥልጣን የተሰጠው ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው፥ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ ቀን የሚጽፍበትና በየገጹ የሚፈርምበት ነው፤ ይህም በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በዳዊት መጽሐፍ ውስጥ ታጥፎ፥ በሣጥን ተቈልፎ ሃያ ዓመት የቈየ የእጅ ጽሑፍ ስንት ቤት ይገኛል! ልጆቹ አባታቸው የጻፈውን እያዩት ሕግ እንዳልተጻፈ ይቈጥረዋል።

በአራት ምስክር የሚደረገውም ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በትልቅ ነገር አይደለም። ኑዛዜው በምስክሮቹ ፊት ተነቧል፤ ሁሉም ሰምተዋል፤ መነበቡ ግን አልተጻፈም። በልማዳችን ጽሑፍን ጮክ ብሎ ማንበብ የታወቀ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ካህን ሳያነብ ጣቱን የሚያስነካ ሰው የለም። ተነበበ ብሎ መጻፍ ግን ልማዳችን አይደለም፤ በሰው ፊት የተደረገውን ሰው ይመሰክረዋል እንጂ ወረቀት ስለ ራሱ ምን ይመሰክራል ይባላል። ሕጉ የሚሻው ወረቀቱ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ነው። አንዲት ዐረፍተ ነገር በመጕደልዋ ምክንያት የሟች ፈቃድ ሲፈርስ ማየት ለሕግ ተማሪ ትምህርት ነው፤ ለቤተ ሰቡ ግን ሁለተኛ ለቅሶ ነው።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ለእኛ ጥናት ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። ሕጉ ሞቱ የቀረበ መሆኑ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃሉ የሚናገረውን ይቀበላል፤ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየ ግን ቃሉ ይፈርሳል። ይዘቱም የተወሰነ ነው፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፥ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ስለሚሾም ሞግዚት፥ ደግሞም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይገዛ ስለ ነበረ፥ 500 ብር ጥቂት የሚባል ገንዘብ አልነበረም። የሕጉ አዘጋጅ አሳብ የሚገባ ነው፤ ትልቅ ሀብት በሁለት ሰው ቃል ብቻ እንዳይተላለፍ፥ ትንንሹ የፍቅር ስጦታ ግን እንዳይቀር ነው። ገንዘቡ ዋጋው ሲቀንስ ቍጥሩ በስፍራው ቀረ። ዛሬ በ500 ብር አንድ በግ እንኳ አይገዛም። ሕጉ ማንም ሳይሽረው የቃል ኑዛዜን በዋጋ መውደቅ ብቻ ሽሮታል ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት አጥቢያ ስለ ለቅሶ ሥርዓት ሳጠና ይህ ነገር በአንድ ቤት የሚያመጣውን ለማየት ቻልሁ። አንድ አዛውንት ገበሬ በጽኑ ታመው ሳሉ የነፍስ አባታቸውንና አንድ ጎረቤታቸውን አስጠርተው፥ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን የባሕር ዛፍ ለሁለተኛ ሚስታቸው ሰጥቻለሁ ብለው ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፉ። በከተማ የሚኖሩት የመጀመሪያ ሚስታቸው ልጆች ለአርባው መጥተው አባታችን እንዲህ አላለም አሉ። ወይዘሮዋ ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉት በካህኑ ምስክርነት ላይ ነበረ፤ ካህኑም ለመመስከር ተዘጋጅተዋል። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጠው ራፖር ጻፊ የኑዛዜውን ታሪክ ከነ ሰዓቱ አሳምሮ በሁለት ገጽ ጻፈላቸው። ዳኛው ካህኑን በአክብሮት ሰምተው፥ የተናገሩት ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ የዛፉ ግምት ከ500 ብር በላይ ስለ ሆነ ስጦታው አይጸናም ብለው ወሰኑ። ካህኑ ከችሎት ሲወጡ፥ ምስክርነቴ ሐሰት ነው ቢሉኝ ይሻል ነበር አሉኝ። የነገሩን መጨረሻ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ተዝካር እንመለስ። ከሣልስት ጀምሮ በሰባት፥ በሠላሳ፥ በአርባ፥ በሰማንያ፥ በመንፈቅና በዓመት ለሟች ነፍስ መታሰቢያ እንደሚደረግ አንባቢ ያውቃል፤ ከእነዚህም ታላቁ አርባው ነው። በውጭ ሆነው የሚመለከቱ ሰዎች ተዝካርን የጥፋት ድግስ ብቻ አድርገው ገልጸውታል፤ ወጪው ስንት ቤት እንዳራቈተ ስለምናውቅ ፍጹም ተሳስተዋል አንልም። ነገር ግን ተዝካር ሌላም ሥራ ነበረው። በዚያ ቀን ካህናቱ፥ ዘመዱ፥ ጎረቤቱ፥ ገንዘብ ያበደረውም ያልከፈለውም በአንድ ዳስ ይሰበሰባሉ፤ በሟች ስም ማን እንደ ደገሰ፥ ማን በሬ እንዳመጣ፥ ማን እንደ ቀረ ይታያል። ስለዚህ ዳሱ ወራሾች በሕዝብ ፊት የሚታወቁበት ጉባኤ ነው። በብዙ ስፍራም የክፍያ ነገር የሚነሣው ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ማንሣት ነውር ነው። ክፍያው በሽማግሌዎች ፊት ሲሆን ማሳው ከላይ፥ ከመካከልና ከታች እየተከፈለ፥ ለምና ጭንጫውን ሁሉም እንዲቀምሰው በዕጣ ይደለደላል።

ሕጉ ተዝካርን ያውቀዋል፤ የሚያውቀውም በስሙ ጠርቶ ለማግለል ነው። ከውርሱ የሚከፈለውን ዕዳ ተራ ሲያስቀምጥ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፥ ቀጥሎ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣ ወጪ፥ ከዚያም የሟች ዕዳ፥ ቀጥሎ የቀለብ ጥያቄ፥ በመጨረሻ የኑዛዜ ስጦታ ይላል። የቀብሩም ወጪ ቀዳሚነት የሚኖረው ለሟቹ ማዕረግ የሚገባ ሲሆን ነው፤ የተዝካር ወጪ ግን በቀብር ወጪ ውስጥ አይገባም። ለባህል ተመራማሪ ይህች አጭር ቃል ብዙ ትናገራለች። የሕጉ አሳብ፥ ሟች ያበደረው ሰው ገንዘቡን ሳያገኝ ካህናትና ዘመድ በዚያው ገንዘብ እንዳይጋበዙ ነው፤ የሚያስነቅፍ አሳብ አይደለም። የቤተ ሰቡ አሳብ ግን ተዝካር ራሱ ዕዳ ነው፤ ባለ ዕዳውም ሕያዋኑ፥ ጠያቂውም ሟቹ ነው፤ ሟች ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊከስ ስለማይችል ከሁሉ በፊት ሊከፈለው ይገባል የሚል ነው። እኔ በፍርድ ነገር የሕጉን ወገን እይዛለሁ፤ ወራሾቹ ተዝካሩን ከየድርሻቸው ማውጣት ይችላሉና። ነገር ግን አንድ የሕግ አማካሪ ቤተ ሰቡን ተዝካር አታውጡ ብሎ ቢመክር የሚሰማው የለም፤ የሚጠቅመው ምክር፥ ከአርባው በፊት የሟችን ዕዳ በጽሑፍ አስፍሩ፥ የምትሸጡትም በሬ የማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ለዩ የሚለው ነው። ባላገሩ የማዳበሪያ ዕዳ ሳይከፍል ሞቶ፥ በሬው ለተዝካር ታርዶ፥ ዕዳው በኋላ ከወራሾቹ ሲጠየቅ የሚነሣው ጠብ ብዙ ነው።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር መናገር ይገባል። በ1952ቱ ሕግ ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባልዋ ያለኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። ልጅም ወላጅም ወንድምም ባይኖር እንኳ ሀብቱ ለሩቅ ዘመድ፥ ዘመድም ቢጠፋ ለመንግሥት ይሄዳል እንጂ በወራሽነት ወደ ባል ወይም ወደ ሚስት አያልፍም። ይህ ደንብ ሲነገራቸው የሚደነግጡት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ባላገሩ አይደነግጥም፥ ርስት በደም እንጂ በአልጋ እንደማይሄድ ያውቃልና። ሕጉ ለሟች ባለቤት የሚያስቀምጠው ሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም በጋብቻ ዘመን የተፈራው ሀብት የጋራ ነው ተብሎ ስለሚገመት፥ ከማናቸውም ውርስ አስቀድሞ እኩሌታው ለባለቤቱ ይወጣል፥ ውርስ የሚባለው የቀረው እኩሌታ ብቻ ነው። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 ሲወጣም፥ ክልሎች የየራሳቸውን ሲያወጡም ይህን ግምት አጽንተውታል።

የጎጃሟ ወይዘሮ ነገር የተቃናውም በዚህ ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የመጣ ወጣት ጠበቃ ጉዳዩን ሲሰማ ስለ ኑዛዜው ምንም ሳይጠይቅ፥ ዛፉ የተተከለው መቼ ነው? አላቸው። የተተከለው ከተጋቡ በአምስተኛው ዓመት ነበረ፤ ችግኙን ያፈሉት፥ ውሃ ያጠጡትም እርሳቸው ናቸው። በአዲስ ክስ የጋራ ሀብት ክፍያ ተጠይቆ እኩሌታው ዛፍ ያለ ኑዛዜ፥ ያለ ካህን ምስክርነት የራሳቸው መሆኑ ተወሰነ። አስቀድሞ ማንም ያልጠየቃቸው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበረ። እኔ ደስ ይላቸዋል ብዬ ልጠይቃቸው ብሄድ ወይዘሮዋ ዝም ብለው ቈዩና፥ ልጄ፥ ዛፉን አገኘሁ፤ እሱ የሰጠኝን ግን አላገኘሁም አሉኝ። ይህን በመጽሐፌ ላይ ጽፌ ስመለስ፥ የሕግ ትምህርት ቤት በሰጠኝ ቃላት ልተረጕመው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ስለ ውርስ ማጣራት ጥቂት እንበል። የውጭ ሀገር ሕጎች በዚህ ረገድ በሁለት ይከፈላሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የሟች ሀብት በፍርድ ቤት ሥልጣን በተሰጠው ወኪል እጅ ገብቶ፥ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ለወራሾች ይሰጣል፤ በፈረንሳይ ግን ወራሹ ሟቹ ዓይኑን በከደነበት ቅጽበት በሟች እግር ይተካል። የኛ ሕግ ከሁለቱ መካከል ነው። ውርሱ እስኪጣራ ድረስ ከወራሾቹ የግል ሀብት የተለየ ሀብት ሆኖ ይቈያል፤ አጣሪው ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን ይፈልጋል፥ ወራሾቹን ይለያል፥ ሀብቱን ያስተዳድራል፥ ዕዳ ይከፍላል፥ የኑዛዜ ስጦታ ያስረክባል። ተናዛዡ አጣሪ ካልሾመ ወራሾቹ ራሳቸው በሕግ አጣሪዎች ናቸው፤ ካልተስማሙ ወይም ሌላ ምክንያት ካለ ፍርድ ቤት አጣሪ ይሾማል።

በተግባር ሕዝቡ የሚያውቀው ይህን ሳይሆን የወራሽነት ማስረጃውን ነው። በቁጥር 996 መሠረት ማንኛውም ወራሽ ወራሽ መሆኑንና ድርሻውን የሚገልጽ ማስረጃ ከፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ በአዲስ አበባ ማስረጃው የሚጠየቀው ከከተማው አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ምስክር ይሰማል፥ ብዙ ጊዜም ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከዚያ ወረቀቱ ይሰጣል። ሰውም ወረቀቱን ሲይዝ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ወረቀቱ ግን የሚናገረው ስለ ሰው እንጂ ስለ ሀብት አይደለም፤ እገሌ የእገሌ ወራሽ ነው ይላል እንጂ ይህ ቤት የሟች ነበረ አይልም፥ ዕዳ የለበትም አይልም፥ የሚስት ድርሻ ወጥቷልም አይልም። እኔም ራሴ ከውጭ ሀገር ዲግሪ ይዤ በተመለስሁ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሲያርፉ ይህን ልዩነት አላወቅሁትም ነበረ። ማስረጃውን ይዤ አንድ ባንክ ስሄድ ገንዘቡን ሰጡኝ፤ ለእኅቶቼም አካፈልሁ። እናቴ እኩሌታው የእርስዋ መሆኑን ያወቀችው፥ እኛም ያወቅነው፥ ከስድስት ወር በኋላ ነው። በመካከላችን ስለሆነ በሽማግሌ ሳይሆን በምሳ ጨረስነው፤ በሌላ ቤት ቢሆን ግን ሦስት መዝገብ ይከፈትበት ነበረ።

ሀብቱን ያለ መብት የያዘ ሰው ላይ የሚቀርበው የወራሽነት ጥያቄ ጊዜው የተወሰነ መሆኑንም መርሳት አይገባም። ከሳሹ መብቱንና የሀብቱን መያዝ ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ቢያውቅም ባያውቅም አሥራ አምስት ዓመት ካለፈ፥ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ሀብት ካልሆነ በቀር፥ ጥያቄው ይዘጋል። በዋሽንግተን ወይም በሮም የሚኖር ወንድም፥ ሀገር ቤት ያለው ታላቄ ይይዘዋል ብሎ ሲተው፥ ዝምታው በልማድ መተማመን ነው፤ በሕግ ግን ሦስቱ ዓመት እየተቈጠረ ነው። በኤምባሲ የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣን መላክ የወንድምን መታመን መጠራጠር ሆኖ ስለሚታይ ብዙዎች ያፍሩበታል።

የገጠሩ መሬት ነገር ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ የሚወረሰው የመጠቀም መብት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ባለ ይዞታ ገበሬ ይህን መብት ለቤተ ሰቡ አባል በውርስ እንዲያስተላልፍ ፈቅዶ፥ የቤተ ሰብ አባል ማለት ከባለ ይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና ኑሮውን የሚጋራ ነው አለ። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ የክልል ሕጎችም በዝርዝሩ ይለያያሉ። የሚገርመው የመለኪያው መለወጥ ነው። ርስት የማን ልጅ ነህ ብሎ ይጠይቅ ነበረ፤ አዲሱ ሕግ ከማን ጋር እንጀራ ቈረስህ ብሎ ጠየቀ። በከተማ የሚኖረው የገበሬ ልጅ እስከ ዛሬ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው።

ሟቹ የእስልምና ተከታይ ሲሆን ወራሾቹ ከፈቀዱ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ይህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የተፈቀደ፥ በፌዴራል ደረጃም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 የተደራጀ ነው። በዚያ ድርሻው በቁርኣን የተወሰነ ነው፤ ባል ለሚስት ሚስትም ለባል ይወርሳሉ፤ ኑዛዜ ከሢሶ በላይ አይሄድም፤ ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋር ስትወርስ የእርሱን እኩሌታ ታገኛለች። እንግዲህ አንዲት ሚስት በሸሪዓው በኩል ወራሽ፥ በፍትሐ ብሔሩ በኩል ባለ እኩሌታ እንጂ ወራሽ አይደለችም። በየትኛው በር እንደምትገባ ከመፍቀድዋ በፊት ሁለቱን የሚያሰላላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ፈቃድዋን አንድ ጊዜ ሰጥታ ችሎቱ ከተጀመረ በኋላ መመለስ ቀላል አይደለም።

ስለ ረዳቶቹ ለመናገር፥ በሀገራችን ኀዘን የደረሰበት ሰው በመጀመሪያ የሚያማክረው ጠበቃ አይደለም። በከተማ የእድሩ ዳኛ፥ በገጠር የነፍስ አባት ነው፤ ሦስተኛው ራፖር ጻፊው ነው፤ ጠበቃ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። እድር ድንኳንና ዕቃ ያቀርባል፥ የቀብር ገንዘብ ይከፍላል፤ ይህም ገንዘብ እንደ እድሩ ደንብ ለቤተ ሰቡ የሚሰጥ እንጂ ሟቹ የተወው ሀብት ስላልሆነ ለገንዘብ ጠያቂ የሚቀርብ አይመስለኝም። በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች ለድኾች በነጻ ይሠራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ስለሚቀመጡ የሚያገኙት ተከራክሮ የደከመውን ሰው ነው። እኔ ባየሁት፥ ሦስት ጥያቄ በለቅሶው ወራት ቢጠየቅ ከሚነሣው ክርክር ብዙው ይቀራል፤ ጋብቻው የተፈጸመው መቼ ነው፥ ሀብቱ የተገኘው መቼ ነው፥ ሟቹ ለማን ምን ያህል ዕዳ አለበት። ሦስቱንም የነፍስ አባት ያውቃቸዋል። የሕጉ ሰው ካህኑን የሚፈልገው ለምስክርነት ብቻ በመሆኑ ይህን ዕውቀት ሳይጠቀምበት ይቀራል። በጎጃም ያሉት ካህን አሁን በሞት አልጋ ሲጠሩ ከመስቀላቸው ጋር ወረቀትና ብዕር ይዘው፥ ከሁለት ይልቅ አራት ጎረቤት አስከትለው ይሄዳሉ፤ ጽፈው ካነበቡም በኋላ፥ በሁላችን ፊት ተነበበ ብለው በገዛ እጃቸው ይጨምሩበታል።